ኮምፒውተር ገዝቶ ታይፕ መምታት

ነገሩ የተጀመረው በእድር ነው። ስለ ፊደልና ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ተነሥቼ በእድር መጀመሬ አይግረማችሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሰፈራችን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ (በፈረንጅ 2024 መሆኑ ነው) ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበተነ። ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ገሚሱ ዘመድ ጋ ተጠጋ፣ ገሚሱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አናውቅም። ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ የሚፈርሰው ቤት ብቻ አይደለም። የኛ እድር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና የባንክ ደብተሩን ይዞ "እንቀጥል ወይስ ተካፍለን እንለያይ?" የሚል ስብሰባ ተቀመጠ። ቢቀጥልም ቢካፈልም የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የአባላት ዝርዝር። ማን መቼ ገባ? ማን ስንት ዓመት ከፈለ?

ትልቁ መዝገብ በዕቃ ማጓጓዙ መሃል ዝናብ መትቶት ግማሽ ገጹ ተጣብቋል። ግን አንድ ተስፋ ነበረን። እድሩ በ1996 ዓ.ም. ዝርዝሩን ከመተዳደሪያ ደንቡ ጋር "በኮምፒውተር" አስጽፎት ነበር። የጻፉት ደግሞ ከኢሲኤ ጀርባ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት የነበራቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" የሚላቸው እናት ናቸው። እትዬ ሰንጋ ተራ ንግድ ሥራ ኮሌጅ በጽሕፈት መኪና የሠለጠኑ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የመንግሥት ቢሮ ታይፕ ሲመቱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር የገዙ ሴት ናቸው። የሰፈራችን ማመልከቻ፣ የክስ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። አንዲት ፋይል ሰርዘው አያውቁም። ሲነሡ ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጠው ያዙ።

"ሁለት ቦታ ነው የገለበጥኩት ልጄ፤ አይጠፋም" አሉኝ ፍላሹን ሲሰጡኝ።

እውነታቸውን ነው፤ አልጠፋም። ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው አርባ ምናምን ገጽ ሙሉ ቁጭ አለ። ነጠላ ሰረዝ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ባርኔጣ የደፋ የላቲን ፊደል፣ የፓውንድ ምልክት፣ እንደገና ነጠላ ሰረዝ። ድመት ኪቦርድ ላይ ስትመላለስ ያደረች ነው የሚመስለው። የእድሩ ዳኛ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አይተው፣ መልሰው አድርገው አዩና "ቫይረስ ነው አይደል?" አሉኝ።

"አይ ጋሼ። ፎንት ነው።"

"ፎንት ምንድነው?"

ለጋሼ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፎንት የሚባለው ደግሞ "ይሄን ቁጥር ስታገኝ ይሄን ቅርፅ ሣል" የሚል ትእዛዝ ነው። ድሮ በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ነበር፤ ከዚያም ላይ ግማሹን የእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት ቀድሞ ይዞታል። የኛ ደግሞ ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነነጥቦቹ ከ300 ይበልጣል። ታዲያ ሰዎቻችን ምን አደረጉ? የእንግሊዝኛው ፊደል ወንበር ላይ የኛን ፊደል አስቀመጡት። ቁጥሩ የላቲኑ ነው፣ ቅርፁ የኛ። አንድ ፎንት አልበቃ ሲል አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ አገጣጠመው። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ... (የነዚህ ስም ሲነሣ የድሮ ጋዜጠኞች ፊት ላይ አንድ ናፍቆት የሚመስል ነገር አያለሁ።) ሁሉም በየራሱ መንገድ ደረደረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። የእድራችን ዝርዝርም እንደዚያ ነው፤ ከላይ ሲያዩት አማርኛ፣ ከሥር ፈረንጅ። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ከሥር ያለው ይታያል።

እነዚያን ሶፍትዌሮች የሠሩትን ሰዎች አልወቅስም። እንደውም ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ። እነ ፍስሐ አጥላው፣ እነ ዶክተር አበራ ሞላ፣ እነ ዳንኤል ያዕቆብ ማንም ወንበር ባልሰጠን ዘመን፣ አብዛኛውን በሰው አገር ሆነው፣ ፊደላችን ከኮምፒውተር ዓለም ቀርቶ እንዳይቀር የደከሙ ናቸው። ከነሱም በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ ቀድመው የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ለማስማማት ታግለዋል። የታይፕ ፊደልን ያየ ያስታውሳል፤ ቅጥያው ከግንዱ ተለይቶ በአየር ላይ የተንጠለጠለ፣ አንካሳ የሚመስል ፊደል። ግን ሠርቷል። የአገር ደብዳቤ በሱ ተጽፏል።

የምወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለነውን ነው። በ1999 (ይሄም በፈረንጅ ነው፤ ሌላ ካላልኩ ከዚህ በኋላም በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። የራሳችን ወንበር፣ የራሳችን ቁጥር። ከዚያ ወዲህ ማንም ኮምፒውተር "ሀ"ን ከሌላ ፊደል ጋር የሚያምታታበት ምክንያት የለም። በ2005 የሰባት ቤት ጉራጌን፣ የሜኤንንና የብሊንን ተጨማሪ ፊደላት አስገቡ። በ2010 የጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮን፣ የባስኬቶንና የጉሙዝን፣ በ2021 ደግሞ እንደገና የጉራጌኛን። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። እሺ፣ እስከ ቪስታ ድረስ እትዬንም ማንንም አልወቅስም፤ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት አልነበረውምና ፊደሉ ቁጥር ቢኖረውም መልክ አልነበረውም። ከቪስታ በኋላስ? ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነን? ባለፈው ወር ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት "ለጋዜጠኞች የተዘጋጀ" ብሎ የላከልኝ ፋይል ስከፍተው ያቺው ድመት ተመላልሳበታለች!

"ፊደላችን ስለበዛ ነው፤ ለኮምፒውተር አይመችም" የሚል አለ። ይሄ ወሬ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው፤ ያኔ "ለጽሕፈት መኪና አይመችም" ነበር የሚባለው። የሚገርመኝ ዛሬም የሚሉት የተማሩት መሆናቸው ነው።

እስቲ ከኛ የባሰ ፊደል ያላቸው ሰዎች ምን እንዳደረጉ እንይ። የቲቤት ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ አይሄድም፤ ቁልቁልም ይወርዳል። አንዱ ተነባቢ ከሌላው ሥር ይገባል፣ ከሥሩ ደግሞ ሦስተኛ፣ አናባቢው ከላይ ወይም ከታች ይለጠፋል። አንድ ክፍለ ቃል እንደ እንጀራ ተደራርቦ ነው የሚጻፈው። ኮምፒውተሩ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን መደርደር፣ ማሳጠር፣ ማገጣጠም አለበት። አጀማመራቸውም አላማረም፤ በ1991 በመጀመሪያው ዩኒኮድ ገብተው ነበር፣ አደራደሩ አልሆነም ተብሎ ተሰረዙ፣ በ1996 በሌላ መንገድ ተመለሱ። ቡታን የምትባለው አገር ዞንግካ የተባለ ቋንቋዋን የምትጽፈው በዚሁ ፊደል ነው። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል። በ2006 መንግሥቷ በዞንግካ የሚናገር ሊኑክስ አውጥቶ ለሕዝቡ ሰጠ።

የኛ ፊደል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ገነት ነው። "ላ" አንድ ቁጥር፣ አንድ ቅርፅ ናት፤ አትደራረብም፣ አትቀጠልም፣ ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ብዛታችን ችግር ሳይሆን ማቅለያ ሆነልን ማለት ነው። ቁልፉ አይበቃም የሚለውም አያስኬድም። የ"ል"ን ቁልፍ ስትነኩ "ል"፣ አስከትላችሁ የ"አ"ን ስትነኩ "ላ" ይሆናል። "ሰላም" ለማለት በላቲን ፊደል አምስት ቁልፍ ትነካላችሁ። በግዕዙም ቁጠሩት፤ አምስት ነው!

እዚህ ላይ የኔን ትውልድ ልምጣበት። አማርኛን በላቲን ፊደል የምንጽፈው "ስለሚፈጥን ነው" እያልን ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ከቤት አጭር መልእክት ላከችልኝ። "አባባ መታ" ነው "አባባ መጣ"? ላቲኑ "ጠ"ንም "ተ"ንም በአንዲት ፊደል ነው የሚጽፋቸው። አባታችን ከመስክ ሥራ ይመለስ የነበረበት ሳምንት ነው፤ ግን ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሂሳብ ወድቋል። ደውዬ እስካረጋግጥ ድረስ መጥቶ ይሁን መትቶ አላወቅኩም። (ሁለቱም ሆኖ ተገኘ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።) "ቀ"ና "ከ"፣ "ጨ"ና "ቸ" እንዲሁ ይደባለቃሉ። የራሳችን ፊደል የለየውን ሰው አገር ሄደን ደባልቀን መጣን ማለት ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ በአጭር መልእክት በኩል ያለው ቅሬታ እውነት ነበረው። አንድ የላቲን መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ የግዕዙ 70 ላይ ይቆረጣል፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ይሄ የቴክኖሎጂው አሠራር ነው፣ ያናድዳል። ግን 70 የኛ ፊደል 70 ክፍለ ቃል ማለት ይቀርበዋል፤ "እንደምን አደራችሁ" በኛ ከነክፍተቱ 11 ቦታ ነው የሚይዘው። ደግሞም ቴሌግራም ላይ ማን ፊደል ይቆጥርብናል? ስልኮቻችን ዛሬ የአማርኛ ኪቦርድ በነጻ አላቸው። ታናናሾቻችን ስልክ ላይ በግዕዝ ፊደል ሲፈተልኩ አያለሁ፤ ከኛ ተሻሉ። ስለዚህ የጣት ነገር እየተስተካከለ ነው ብዬ ልተወው።

ያልተስተካከለው ቢሮው ነው። የዋናው ንዴቴ መነሻም እሱ ነው።

የአንድ ደብዳቤን ጉዞ ተከተሉልኝ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ትጽፈዋለች። ታትሞ ይወጣል። ኃላፊው ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። ከዚያ ምን ይሆናል? ስካን ይደረጋል! ወይም በስልክ ፎቶ ይነሣና ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ፊደል የነበረው ሥዕል ሆነ። የማይፈለግ፣ የማይገለበጥ፣ ዓይነ ስውር የሆነ ወንድማችን በማስነበቢያ ሶፍትዌር የማይሰማው ሥዕል። ኮምፒውተሩ እዚህ ውስጥ የሠራው ሥራ ምንድነው? የታይፕን ሥራ ነው። በአሥር ሺዎች ብር የገዛነውን ማሽን ካርቦን የማያስፈልገው ታይፕ አድርገነው ቁጭ አልን። የድሮው ፎንት እስከ ዛሬ ያልሞተበት ምክንያትም ይሄው ነው። ወረቀት ላይ ሲወጣ ሁሉም ፎንት እኩል ነዋ! ወረቀት የፊደሉን ቁጥር አይጠይቅም። ዓላማህ ወረቀት ከሆነ ውስጡ ፈረንጅ ሆነ አማርኛ ሆነ ምን ገዶህ?

ሕጋችንን ውሰዱት። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። መልካም። አሁን ኢንተርኔት ላይ ከሚገኙት ዐዋጆች አንዱን ክፈቱ። ብዙዎቹ የወረቀት ፎቶ ናቸው፤ ያልሆኑት ደግሞ ብዙ ጊዜ በድሮው ፎንት የተጻፉ ናቸው። የእንግሊዝኛውን ዓምድ ምረጡና ገልብጡ፤ ጥርት ብሎ ይመጣል። የአማርኛውን ገልብጡ፤ ድመቷ መጣች። አንድ ቃል ፈልጉ፤ እንግሊዝኛው ይገኛል፣ አማርኛው "የለም" ይላል። እንግዲህ በሕግ የሚጸናው ዓምድ ለኮምፒውተር የለም፤ ለፈረንጅ ተብሎ ጎኑ የተለጠፈው ትርጉም ግን አለ። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከሥራ የተባረረች አንዲት ልጅ "የስንብት ክፍያ" ብላ በቋንቋዋ ብትፈልግ ከሕጉ ይልቅ የሕጉን ወሬ ነው የምታገኘው። ጠበቃ ያለው በእንግሊዝኛው ያገኘዋል። ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው የምትሉኝ ካላችሁ ይቅርታ፣ አልስማማም። ይሄ ማን ሕግ ያነባል የሚል ጉዳይ ነው።

ጋዜጦቻችንም እንደዚያው ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቆዩ የግል ጋዜጦችን አምዶች ስሰበስብ አንድ የቀድሞ አዘጋጅ አንድ ሲዲ ሰጡኝ። የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ከአስር ፋይል ሦስት አራቱ የተሠሩበትን ፎንት እሳቸውም አላስታወሱትም። ያንን ዘመን የሚጽፍ ተመራማሪ ነገ ምን ይዞ ነው የሚጽፈው? የኤምባሲዎችን የእንግሊዝኛ ትርጉም? ብራናው ስድስት መቶ ዓመት ተቀምጦ ይነበባል፤ የኛ የሃያ ዓመት ፋይል አይነበብም።

ትምህርት ቤትስ? ኮምፒውተር ተማሩ ተብለን ተምረናል፤ አማርኛ እንዴት እንደሚጻፍበት ግን አንድም ቀን ያሳየን መምህር የለም። የጋዜጠኝነት ምሩቅ ነኝ፤ በአማርኛ ልጽፍ ነው የሠለጠንኩት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ የኪቦርድ ክፍለ ጊዜ አልነበረንም። የንግድ ሥራ ኮሌጇ እትዬ ጣታቸውን ሳያዩ ይመታሉ፣ እኔ በሁለት ጣት እለቅማለሁ። የሥራ ፈተና የተቀመጥኩበት አንድ ቦታ ደግሞ (ይሄም ስሙ ይቅር) "የኮምፒውተር ችሎታ" ብሎ በደቂቃ ስንት የእንግሊዝኛ ቃል እንደምጽፍ ለካኝ። ሥራው የአማርኛ ዜና ነው። እኔም ሳልጠይቅ ተለክቼ ወጣሁ፤ የራሴንም ጥፋት ላስቆጥር።

ወደ እድራችን ልመለስ። እትዬ ደውዬ ስጠይቃቸው ወዲያው "ቪዥዋል ግዕዝ ነዋ" አሉኝ። ሳሪስ ሰፈር አንድ የድሮ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፎንቱን አገኘሁት፤ ጫንኩት፤ ዝርዝሩ እንደ ትንሣኤ ተነሣ። ጋሼ አጨበጨቡ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ነበርና ቀየርኩት፤ የተንጋደዱትን ፊደላት ሁለት ሌሊት በእጄ አቀናሁ።

ከዚያ አንዲት እናት መጡ። ከእድሩ መሥራቾች አንዷ ነኝ ይላሉ፤ ዝናብ ባልመታው የመዝገቡ ገጽ ላይ ግን ስማቸው የለም። ካሉ ድርሻ አላቸው፤ ከሌሉ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ እንደ እንግዳ ሊቆጠሩ ነው። ስማቸው ውስጥ "ፀሐይ" አለበት። ላፕቶፔ ላይ "ፀሐይ" ብዬ ፈለግኩ። የለም። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። "ጸሐይ" አልኩ። የለም። ይሄኔ ነው የገባኝ፤ "ፀ" በሁለት ይጻፋል፣ "ሐ" ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሆኖ በስድስት። አሥራ ሁለት ፀሐይ! እኛ አንድ አድርገን የምናነበውን ማሽኑ አሥራ ሁለት አድርጎ ነው የሚያየው። ይሄንን እንደ አንድ ቁጠር ብሎ ማሽኑን ማስተማር የሚቻል ነው፤ ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ማን ይጠይቅ? በአማርኛ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ነው የሚጠይቀው፤ እኛ ደግሞ አትመን ፋይል ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። አንድ በአንድ እየሞከርኩ ሄድኩ። በሰባተኛው ላይ "ጸሃይ" ሆነው ተገኙ፤ ተራ ቁጥር 31፣ ከመሥራቾቹ ጋር። እናትየው ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ዝርዝሩን ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ ጋሼ ስልክም ላይ ጭኜላቸዋለሁ። ስም ጻፉ፣ ይመጣል፣ የገቡበት ቀን፣ የከፈሉት፣ ሁሉ አለ አልኳቸው። እንዴት እንደሚፈለግ ሁለት ጊዜ አሳየኋቸው። ጋሼ በጥሞና ተከታተሉኝ፤ "ድንቅ ነው፣ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ" አሉ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ አንድ ነገር በመሐረብ የተጠቀለለ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"በይ አሁን ሦስት ኮፒ አትሚልኝ" አሉ፤ "ማኅተሙን ይዤ መጥቻለሁ።"